የአውራ ጣቷ ጥፍር

ዙልሁሞር በሠርጓ ዋዜማ ከቀትር በኋላ አክስቷን ይዛ የግቢዬን በር ስታንኳኳ፣ ሁለት እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ ነበር። ምን ፈልጋ እንደመጣች ሳትነግረኝ ገባኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ትምህርት ቤት ሳለች ኬሚስትሪ አስተምሬያታለሁ። አሁን የምትሠራው ከሐር ትል ጎጆ ክር በሚመዘዝበት ቤት ነው። እዚህ ማርጊላን ከተማ ውስጥ ያን ሥራ የምትሠራ ሴት ፊቷን ብትሸፍን እንኳ በእጇ ትታወቃለች። ቀኑን ሙሉ ትኩስ ውሃ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚውል ጥፍር ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ከሥጋው እኩል ሆኖ ይቀራል።

"አሳዪያት እንጂ! እዚህም ልትደብቂ ነው የመጣሽው?" አለቻት አክስቷ ማስቱራ።

ልጅቷ እጆቿን አውጥታ ከወይኑ ሐረግ ሥር ባለው መደብ ላይ ዘረጋቻቸው። ጣቶቿ ቆንጆ ናቸው፤ ጥፍሮቿ ግን አልቀዋል።

"ረጅም አልፈልግም፣ ሳኖባር ኦፓ። ቀይም አልፈልግም። የራሴ እንዲመስል ብቻ ነው የምፈልገው" አለችኝ፤ ታላቅ ሴትን "ኦፓ" ብለን ነው የምንጠራው።

የፈራችው ነገር ግልጽ ነበር። እኛ ጋ ሙሽራ የባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሁለት እጆቿን ይዛ መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥላ ዱቄት ውስጥ ትነክራቸዋለች፤ ቤቱ ጥጋብ እንዲያገኝ ነው። የሙሽራዋ ፊት የተሸፈነ ስለሆነ ዘመዱ ሁሉ ከቦ የሚያየው እጇን ነው። ከዚያ ዱቄት በማግስቱ የመጀመሪያው ዳቦ ይጋገራል።

"ኢኖያት ኦፓ የተለጠፈ ጥፍር ያላት ሴት ሊጥ መንካት የለባትም ይላሉ አሉ" አለች ዙልሁሞር። ኢኖያት የምታገባው ልጅ እናት ናቸው። "እንዲህ ሆኜም ብታይ አፍራለሁ፤ ተለጥፎልኝ ዱቄቱ ውስጥ ቢወልቅ ደግሞ..."

"ቢወልቅማ ከዳቦው ጋር ይጋገራል!" አለች ማስቱራ። "የሚደርሰው ደግሞ ለዚያ ጥርስ ለሌለው ለባልሽ አጎት ነው። ጥርስ አበቀልኩ ብሎ ሲጨፍር ያመሻል።"

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች። እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም። ባሌ ከሞተ ወዲህ የሙሽራ እጅ ነክቼ አላውቅም። የከለከለኝ ሰው የለም። ሙሽራን የሚያሰናዱት ባል ያላቸው፣ ወልደው የከበዱ ሴቶች ናቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ሳይነግሯት ራሷ ወደ ኋላ ትላለች። እኔም ወደ ኋላ ብዬ ቆይቻለሁ።

ጥፍር የመለጠፉን ሙያም ቢሆን ለሙሽራ ብዬ አልተማርኩትም። ባሌ ሐኪምጆን ዱታር የሚባለውን ባለ ሁለት አውታር መሣሪያ ይጫወት ነበር። የዱታር አውታር የሚመታው በጥፍር ነው፤ የእሱ የሌባ ጣት ጥፍር ደግሞ ስስ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይሰበር ነበር። ወንድ ልጅ ጥፍር አስለጠፈ ከተባለ የሻይ ቤቱ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ማንም የማይለየውን ጥፍር መሥራት ተማርኩ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጥፍሮቹን በማስቀምጥበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ለጣቱ ሞርጄ ያዘጋጀኋት አንዲት ጥፍር ቀርታ ነበር። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አያታለሁ፣ አልነካትም።

"ሌላ ሰው ብትፈልጉ አይሻልም?" አልኩ።

"ሌላዋ የምትሠራው የድመት ጥፍር ነው። እኔ እርስዎን ነው የምፈልገው" አለች ዙልሁሞር።

ማስቱራ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም። ፈራች እንጂ፤ እናት የሌላትን ልጅ ያሳደገቻት እሷ ናት።

"እንዲህ እናድርግ" አለች። "አንቺ በአፍሽ ንገሪኝ፣ እኔ በእጄ እለጥፋለሁ። ሰባት ወልጄ፣ ያ ቅሪላ ባሌም እስካሁን ያንኮራፋል፤ የኔ እጅ ምን ይወጣለታል? አይከፋሽም አይደል?"

"አይከፋኝም" አልኳት። ሣጥኑን አቅርቤላት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ማስቱራ ከልጅቷ አውራ ጣት ጀመረች። ጥፍሩን በአልኮል እንድትጠርግ፣ ፊቱን በሞረድ በስሱ እንድታሻክር፣ ከዚያ በኋላ በጣቷ እንዳትነካው ነገርኳት። ከጎን እስከ ጎን ጥፍሩን ሞልቶ የሚተኛ፣ ሥጋውን ግን የማይጫን መምረጥ ነበረባት። የመጀመሪያዋን ሰፊ ጥፍር አጣማ ለጥፋ ስታላቅቃት ሰበረቻት። ሁለተኛዋ ሾልካ ሻይዋ ውስጥ ገባች። ሦስተኛዋን ሙጫ አብዝታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ በሌባ ጣቷ ተጫነቻት።

"አሁን ይልቀቁት፣ ማስቱራ ኦፓ" አልኩ።

"እሺ።"

"ይልቀቁት እንጂ።"

"እኔማ ለቅቄያለሁ። እሱ ነው ያልለቀቀኝ!"

የሌባ ጣቷ ከሙሽራዋ አውራ ጣት ጋር ተጣብቆ ነበር። ስትስብ ልጅቷ ጮኸች፤ ልጅቷ ስትስብ እሷ ጮኸች።

"አክስቴ፣ ነገ አብረሽኝ ልትዳሪ ነው?"

"ዝም በይ! ሳኖባር፣ ምን ትቆሚያለሽ? ነይ እንጂ!"

"አልነካም ተባብለን አልነበር?"

"የተባባልነውን ተይና ነይ! እንዲህ ሆኜ ሠርግ ቤት ልግባ?"

በቀጭን እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልዬ አሴቶን ነከርኩና በጠብታ በጠብታ አስገባሁበት። ለዚህ የልጅቷን እጅ በግራ እጄ መያዝ ነበረብኝ። ያዝኩት። ትኩስ ነበር። ማስቱራ ጣቷ ሲላቀቅ አሽታ አሽታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቀጥላ "በቃ፣ አንዴ ነክተሻል" አለች ቀስ ብላ። "ጨርሽላት።"

የቀሩትን ዘጠኙን እኔ ሠራሁ። የልጅቷ እጅ ቅባት ቅባት ይል ነበር፤ ጠየቅኋት።

"አክስቴ ናት። ሳምንቱን ሙሉ በበግ ላት ስታሸኝ ነው የከረመችው።"

"እንዲለሰልስ ነዋ!" አለች ማስቱራ።

ላቱን ጠርጌ ጠርጌ አስለቀቅሁት። እያንዳንዱን ጥፍር ከጎኖቹ እየሞረድኩ በልኳ አጠበብኩ። ሙጫውን አሳንሼ፣ አየር እንዳይገባ ከታች ወደ ላይ አስተኛሁት። በሰው ሠራሽ ጥፍር ላይ የሚያሳብቀው ከእውነተኛው ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። እሱን በስሱ ሞረድ ዳር እስኪያጣ ድረስ አለሰለስኩት። ርዝመቱን ከጣቷ ጫፍ እምብዛም አላሳለፍኩም። አንዱን ከሌላው ትንሽ አሳጠርኩ፤ የሰው ጥፍር ሁሉ እኩል ሆኖ አያውቅምና። ማብረቂያ አልቀባሁም፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ወለወልኩት።

"የአውራ ጣቷን ጥፍር አንስቼ እንደገና ልሥራው" አልኩ በመጨረሻ። የማስቱራ እጅም በላት የተነከረ መሆኑን አስቤ ነበር።

"ተይው" አለች። "አንዷ እንኳ የኔ ትሁን። ለበረከት።"

ያሳደገቻትን ልጅ ነገ የምትሰጥ ሴት እንዲህ ስትል ምን ይባላል? ጠርዙን ብቻ አስተካክዬ ተውኩት። ዙልሁሞር እጆቿን ብርሃኑ ላይ ዘርግታ እያገላበጠች አየቻቸው፣ ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ።

በሠርጉ ቀን ቤቴ ቆየሁ። ረጃጅሞቹ መለከቶች ሙሽራዋን አጅበው ሲያልፉ ሰማሁ። ልብስ አጠብኩ፣ የወይኑን ሥር ውሃ አጠጣሁ። ልቤ ግን ዱቄቱ ጋ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ በሬን የመቱት ኢኖያት ራሳቸው ነበሩ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ታቅፈዋል። እንዲገቡ ብለምናቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ከመጀመሪያው ዳቦ ነው" አሉ። "ጥፍር የለበትም፣ አትፍሪ።"

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት። አውራ ጣት ላይ የነበረችው ጥፍር ዱቄት ለብሳ፣ ጫፏ ተሰንጥቆ ተኝታለች።

"ዘይቱ ውስጥ ነው የወለቀችው። እጇን ይዤ ስለነበር መዳፌ ውስጥ ገባች፤ ጨበጥኳት። ልጅቷ አወቀች፣ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ጆሮዋ ላይ 'ቀጥ በይ፣ እኔ ይዤልሻለሁ' አልኳት። ሰው ደስታ ነው የሚያንቀጠቅጣት መስሎት አጨበጨበ።"

"የተለጠፈ ጥፍር አይወዱም ሲባል ሰምተን..."

"አልወድም! ዛሬም አልወድም" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። የጣቶቻቸው ጫፍ ተበልቷል። "እኔም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው ያረጀሁት። በሠርጌ ቀን እጄን ሲያዩብኝ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሴቶቹ ለሙሽራ ሰላምታ ሊመጡ ነው፤ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ነይና ይህቺን መልሺልን።"

"እኔ እዚያ ቤት... ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ዘጠኙ ያንቺ ናቸው አለችኝ። ዱቄቱን ፈተጉት፣ ዘይቱን ቻሉት፣ ንቅንቅ አላሉም። እኔ ቤቴ እንዲህ የሚጸና እጅ እንዲገባ ነው የምፈልገው። ፍጠኚ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።"

መሐረቡ ውስጥ ያለችው ጥፍር ከእንግዲህ አትሆንም ነበር። ሣጥኑን ከፈትኩ። የሰፊዎቹ ቦታ ባዶ ነው፤ ማስቱራ ጨርሳቸዋለች። የቀረችው ያቺ ለሌባ ጣት የሞረድኳት ናት። የወንድ ሌባ ጣት ከአንዲት ቀጭን ልጅ አውራ ጣት ጋር ይስተካከላል። ልብሴን ለውጬ ሣጥኑን ይዤ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ስገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። ኢኖያት "እኔ ነኝ የጠራኋት፤ ሻይ ቅዱላት" ብለው አለፉና ወደ ሙሽራዋ መጋረጃ አስገቡኝ። ዙልሁሞር ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እንባሽን ዋጪ፣ ኩልሽ ይፈሳል" አልኳት። "እጅሽን አምጪ።"

ላቱን ከሥሩ አጸዳሁ። ጥፍሯን በጥቂቱ አሻከርኩ፣ ያቺን አንዷን ጎኗን ነካ አድርጌ ሞረድኩና አስተኛኋት። ልክ ሆነች። እስክትይዝ ድረስ አውራ ጣቷን በሁለት ጣቶቼ ይዤ ቆየሁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሳልይዛት አልቀረሁም። ከዚያ መስመሩን ዳር እስኪያጣ አለሰለስኩት።

ሰላምታው ሲጀመር ኢኖያት ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሙሽራዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለእያንዳንዷ ሴት ዝቅ አለች፣ ቀጥላ ሻይ እየቀዳች አዞረች። ሲኒውን ስታቀብለኝ አውራ ጣቷ ከጠርዙ ላይ ነበር። የራሷ ይመስላል። ማንም አይለየውም።

ማስቱራ ከወዲያ ማዶ እንደ ምንም ብላ ተጠጋችኝና በክርኗ ጎሰመችኝ።

"አየሻት የኔዋን? አውራ ጣቷን እያት! ሰባት የወለደ እጅ እኮ ነው፤ አልተነቃነቀችም!"

ኢኖያት ሲኒያቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው በጠርዙ ላይ አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

"እውነትዎን ነው፣ ማስቱራ ኦፓ። እጅዎ ይባረክ" አልኳት።

ከልቤ ነበር ያልኩት። ጣቷ ባይጣበቅ ኖሮ እኔ እዚያ አልቀመጥም ነበር። ሻዬን ጠጣሁ፤ ዳቦው ሲዞር ቆርሼ በላሁ።