ሻኛውና ቦርጩ

ጋሽ መቀስ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር አስተካካይ ሲባል ታዲያ እንደማንኛውም እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ራሰ በራ እንኳ ጎፈሬ ያወጣ እየመሰለው ነው የሚነሳው። በጎልፍማ፣ እሱን ከጠየቃችሁ፣ ከእሱ በፊት ጎልፍ ነበረ ለማለት ራሱ ያስቸግራል።

አንድ ጉድ ብቻ ነበረበት። የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያስኬድ ቅንድቡ እንኳ የማይነቃነቅ ሰውዬ፣ ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ደርሳ በቀስታ መግፋት ብቻ ሲቀረው፣ እጁ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ይርገበገባል። መድኃኒቱን ያገኘው ከረጅም የጎልፍ ዱላ ነው። ጫፉን ደረቱ ላይ ይተክልና እንደ ግድግዳ ሰዓት ያወዛውዘዋል፤ ኳሷም ቤቷ እንደገባች ሁሉ ሰተት ትላለች።

አንድ ቀን፣ ፊቱ አረፋ በአረፋ የሆነ ደንበኛ፣ የጎልፍ ክለቡ አባል ነው፣ «ሰማህ? ክለባችን አዲሱን ደንብ ሊያስከብር ነው። ረጅሙ ዱላ ቀረ» አለው።

ጋሽ መቀስ ለምን፣ እንዴት ብሎ አልጠየቀም። ሰውየውን በግማሽ ጢም ጥሎት ወደ ጓሮ ሮጠ፤ መጋዝ አነሳና ዱላውን ከላይ ገዝግዞ ጣለው። ያን ያህል የቆረጠ ሰው ለአማቱ ቢደውል አይገርምም። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የክለቡ ዳኛ ናቸው።

«እማማ፣ ደንቡን ከሁሉ ቀድሜ አከበርኩ! ዱላዬን ቆረጥኩት!»

«ማን ቁረጥ አለህ?» አሉት። «የተከለከለው ርዝመቱ አይደለም እኮ፣ አንተ ልጅ። ሰውነት ላይ ተክሎ መምታት ነው። ከደረትህ ትንሽ ፈቀቅ አድርገህ ብትይዘው ማን ይናገርህ ነበር?»

«አሁንማ ተቆርጧል።»

«እንግዲያው በሙጫ ለጥፈዋ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

በዚያው ሳምንት የባሰው መጣ። የክለቡ የመጨረሻ ጉድጓድ ያለበት ሣር፣ እስከ ሥሩ የተላጨው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ጉብታ አለው። ሻኛ ይሉታል። ሌላው ክለብ በዋንጫ ሲታወቅ እነሱ የሚታወቁት በሻኛው ነው። የሠሩት የእማማ ሟች ባል፣ የጋሽ መቀስ ሚስት አባት፣ ናቸው፤ አፈሩን በጋሪ እየገፉ፣ ሣሩን በእጃቸው እየተከሉ። እንግዳ ተጫዋች እዚያ ደርሶ ሲያለቅስ ማየት ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን ግን የሜዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ የገዛ ልጃቸው ነው፤ የጋሽ መቀስ ሚስት ታናሽ ወንድም። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ስለሆነ ሰዉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ውሃ ልኩ ከኪሱ አይጠፋም፤ ሰው ቤት ሲጋበዝ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳያይ ማንኪያ አያነሳም።

«ሰኞ ዶዘር ይገባል» አለ ስብሰባው ላይ። «ሻኛው ይደለደላል። ከኋላው ጠርዝ ተነስቶ በሁለት ምት ያስገባ ሰው እስካሁን የለም። አባዬ ራሱ አላስገባም! ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቅጣት?»

የጋሽ መቀስ ሚስት ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን ጊዜ የባሏ አፍ፣ እንደ ልማዱ፣ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ተነሳ።

«እኔ አስገባለሁ! ከኋላው ጠርዝ! በሁለት ምት! ከፈለጋችሁ ዓይኔን አስራችሁኝ!»

«ዓይንህ ክፍት ቢሆን ይበቃናል፣ ጋሼ» አለ ውሃ ልክ እየሳቀ። «ቅዳሜ ሞክራ። በአንድ ዱላ፣ በሁለት ምት። ካስገባህ ሻኛው አይነካም። ከሳትክ ግን ዶዘሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ አብረን እናፈርሰዋለን።»

ቤት ሲገቡ ጋሽ መቀስ ምንጣፉ ላይ ብርጭቆ አጋድሞ ልምምድ ጀመረ። ኳሷ ከብርጭቆው በቀር ያልነካችው ነገር የለም፤ የወንበር እግር፣ ፍሪጅ፣ የራሱን ጫማ። ሚስቱ ልብስ እየተኮሰች ስታየው ቆየችና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ምላጭ ስትይዝ እኮ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለችው።

«ምላጭ ሌላ፣ ይሄ ሌላ!»

«ምኑ ነው ሌላ? ምላጭ ነው በለውና ያዘው።»

እየተነጫነጨ ቀኝ እጁን አዞረ። አውራ ጣቱን ከሥር፣ ሦስት ጣቶቹን ከላይ ጣል አደረገ፤ ሳይጨብጥ፣ የሰው አንገት እንደሚነካ አድርጎ። ገፋት። ኳሷ ብርጭቆው ውስጥ ገብታ ቅጭል አለች። ጋሽ መቀስ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ጎል የገባ መስሎት ቴሌቪዥን ከፈተ።

ቅዳሜ ሜዳው ጢም አለ። አባሉ መጣ፣ የአባሉ ዘመድ መጣ፣ ጎልፍን ከቴኒስ የማይለየውም መጣ። ጋሽ መቀስ ከኋላው ጠርዝ ቆመ። ሻኛው ከዚያ ሲታይ ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን ግማሹን ሰማይ ጋርዷል።

«ልጆቻችሁን ያዙልኝ፣ ነፋሱ እንዳይወስዳቸው!» አለና መታ።

«ሂጂ! ሂጂ የኔ እመቤት! ሂጂ እንጂ!» ኳሷ ዳገቱን ወጣች፤ አናቱ ላይ ሕዝቡን ልትታዘብ ቆም ያለች መሰለች፤ ከዚያ ቁልቁል ተለቀቀች። ጩኸቱ ቀለጠ! ግን ወደ ጎን ታጥፋ፣ ከጉድጓዱ ትንሽ ራቅ ብላ የሻኛው እግር ላይ ቀረች። አንድ ምት ቀረው።

መከራው ያለው እዚያ ነበር። ኳሷ ተዳፋቱ ላይ ስለቆመች ከእግሩ ከፍ ብላለች። ጎንበስ ሲል ዱላውም አብሮ ከፍ አለና የተቆረጠው ጫፍ ቦርጩ ውስጥ ስምጥ አለ።

«ዳኛ!» ጮኸ ውሃ ልክ። «ቦርጩ ላይ ተከለው!»

ሳቁ ሜዳውን አናወጠው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። መሐረባቸውን በዱላውና በቦርጩ መሐል ሊያሳልፉ ሞከሩ፤ አላልፍ አለ። ሻኛው ባላቸው የቆለሉት ነው፤ ድምፃቸው ግን አልተዛነፈም።

«ልጄ ልክ ነው። አልመታህምና እስካሁን ጥፋት የለብህም። እንዲህ ሆነህ ከመታህ ግን አለቀ።»

ጋሽ መቀስ ዱላውን ከሰውነቱ አራቀ። እጁ መርገብገብ ጀመረ። መለሰው፤ ቦርጩ ተቀበለው። እንደገና አራቀ፤ እጁ ባሰበት።

«ወደ ውስጥ ሳበው!» ሚስቱ ከሕዝቡ መሐል ጮኸች።

«ምኑን?»

«ቦርጭህን ነዋ!»

አየሩን ሁሉ ማገው። ቦርጩ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ የት እንደገባ እሱም አያውቅ! መሐረቡ ወዲያና ወዲህ እንደልቡ አለፈ። እማማ ራሳቸውን ነቅንቀው ዞር አሉ። እንዲህ ሆኖ ግን ማውራት አይቻልም። ጋሽ መቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ ክለቡም ለመጀመሪያ ጊዜ የወፍ ድምፅ ሰማ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሣሩን አየው፤ ልስልስ ያለ፣ በአረፋ የራሰ አገጭ ሆነለት። ጣቶቹን ጣል አደረገ። ምላጭ ነው። ላጨው።

ኳሷ ተንከባለለች። የጉድጓዱን ከንፈር ዞረች፤ ልትወጣ አለች፤ ደግሞ አሰበችበትና ገባች። ቋ!

ሰው በሰው ላይ ወጣ። ጋሽ መቀስ ግን እንደደረቀ ቀረ፤ ሚስቱ ሮጣ ጀርባውን በጥፊ መታችው። «ተንፍስ እንጂ!» ሲተነፍስ የሸሚዙ ቁልፍ ተፈናጥሮ የወንድሟን ውሃ ልክ ገጭ አደረገው ይባላል። እማማ መሐረባቸውን ቶሎ አላጠፉትም፤ ለዓይናቸው ፈልገውት ነበር።

ሰኞ ዶዘሩ አልመጣም። ውሃ ልክ ግን ጢሙን ሊላጭ መጣ። ሱቁ ሙሉ ነበር፤ ጋሽ መቀስም ወሬውን አሙቆታል።

«የሻኛው አናት ላይ ደመና ነበር። ኳሷ ደመና ውስጥ ገብታ ጠፋችብን፤ ተነፋፍቀን ነው የተገናኘነው። ይሄው የሚስቴ ወንድም፣ እዚያው ቆሞ ነበር። ንገራቸው እስቲ።»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነው። «ደመና ነበር» አለ ውሃ ልክ መንጋጋውን ሳያንቀሳቅስ።

ከኋላ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ «ቦርጭ የሚባል ነገርስ አልነበረም?» አለ።

ምላጩ ቀጥ አለ።

«የምን ቦርጭ?» አለ ውሃ ልክ ፈጥኖ።