ሃያ ስድስት ጥርስ

በእኛ አገር ሰው ከማግባቱ በፊት ጥርሱን ያስነቅላል። የታመመውን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። ጥርስ ያው አንድ ቀን መበስበሱ አይቀርም። ልጆቹ ትዳራቸውን በጥርስ ሕመም እንዳይጀምሩ ወላጅ ቀድሞ ያስነቅልና ሰው ሠራሹን ያስገባላቸዋል። የሰርግ ስጦታ ነው። የእኔና የሚስቴ የኪርስቲ ከተነቀለ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ልጃችን ዩወን ያጫት ሚና የራሷን ባለፈው ፋሲካ አስነቅላ ጨርሳለች። የቀረው ዩወን ነበር።

ጥርስ ነቃዩ በዓመት ሁለት ጊዜ በባቡር ይመጣና በመንደራችን አዳራሽ ወንበሩን ይዘረጋል። የዚያ ዓመት የክረምት ቀጠሮው የነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ሰርጉ ለጥቅምት ተቆርጧል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጋዜጣው ስለ ጦርነት ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ስሙን የማናውቀው አንድ አገር ከሌላው ተጣላ። ቀጥሎ ጀርመን ገባበት። ጎረቤቴ ሙርዶ የወተት ጣሳ በጫነበት ጋሪ ላይ እንደተቀመጠ እያነበበ ይነግረኛል።

«ይሄ እኛ ዘንድ አይደርስም» አልኩት። «በመርከብ ስድስት ሳምንት ነው።»

«እሱ አይመጣም» አለ ሙርዶ። «እኛ ነን የምንሄድለት። የእንግሊዙ ንጉሥ ተዋጋሁ ካለ ኒውዚላንድም ተዋጋሁ ትላለች። በቦሮቹ ጦርነት ጊዜም እንዲሁ ነው የሆነው።»

ሙርዶ ደቡብ አፍሪካ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ያውቃል።

ረቡዕ ዕለት ጦርነቱ ታወጀ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት ሄድኩ። የጥንቸል ቆዳ ዋጋ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ጎን አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ክረምት ብቻ ነው። ዕድሜ ይሄን ያህል ይላል። ቁመት ይሄን ያህል። ደረት ይሄን ያህል። አራተኛው መስመር ስለ ጥርስ ነው፤ ዘማች የሚሆን ሰው ምግቡን የሚያኝክበት ጥሩ ጥርስ ሊኖረው ይገባል ይላል። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለማንም ሳልናገር ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዩወን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ያለን እሱ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ቀብረናል።

ያን ማታ እራት ላይ ነገሩን አወጣው።

«ከእነ ሄክተር ጋር ከተማ ልንወርድ ነው» አለ። «የፊታችን ሰኞ አይደለም፣ የሚቀጥለው። አምስት ነን። ሐኪሙ የሚያየን ያኔ ነው።»

ኪርስቲ የአጃ ገንፎ ታማስል ነበር። እጇ አልቆመም።

«ሰርጉስ?» አለች።

«እስከ ገና ያልቃል ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም ነዋ እማ።»

«ሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም» አለች።

«የቅዳሜው ቀጠሮስ?» አልኩ እኔ።

«እንዲያውም እሱን ሳልጨርስ አልሄድም» አለ ዩወን። «ጋሽ ሙርዶ ምን አለኝ መሰለህ? ጥይት አልነካኝም፣ አንድ መንጋጋ ግን አምስት ሳምንት አስለቅሶኛል አለኝ። ሁሉንም ተነቅዬ ብሄድ የሚያመኝ ነገር የለም።»

እኛ አገር ይህን ቢናገር ማንም ልክ ነህ ይለዋል። የተነቀለ አፍ ጤነኛ አፍ ነው።

«ጥሩ ነው» አልኩና ገንፎዬን በላሁ።

ቅዳሜ በጋሪ ወሰድኩት። ሚና መንገድ ላይ ተሳፈረች። አዳራሹ በር ላይ ሰባት ሰው ተሰልፏል።

«ፈራህ እንዴ?» አለችው።

«እኔ? ጀርመንን ያልፈራሁት?»

«እኔ ሃያ ስምንት ተነቅዬ ድምፄ አልወጣም። አንተ ሃያ ስድስት ነው ያለህ፤ ቆጥሬዋለሁ። ብትጮህ ሰርጉ ቀርቷል።»

ጥርስ ነቃዩ እጅጌውን የሰበሰበ ወፍራም ሰው ነው። ከወንበሩ አጠገብ ባልዲ አለ። የዩወንን አፍ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየ።

«የዚህ ልጅ ጥርስ ደህና ነው» አለ። «ሦስቱ ናቸው የተበሉት። ሌላው ሃያ ዓመት ያገለግለዋል።» ወደ እኔ ዞረ። «አባት ምን ይላል?»

ዩወንም አየኝ። አፉ እንደተከፈተ ነው።

ሦስቱን ብቻ ብል የሚቀረው ለዘማችነት ይበቃል። ሁሉንም ብል ድዱ እስኪድንና ሰው ሠራሹ ተሠርቶ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው። ማስታወቂያውን እዚያው ልነግረው እችል ነበር። ልጁ አዋቂ ነው፤ አፉም የራሱ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

«ሁሉም ይነቀል» አልኩ።

መርፌ ወጋው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ባልዲው ውስጥ የሚወድቀውን ነው። ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። ዩወን አልጮኸም።

ዘጠኝ ቀን በሾርባና በወተት በራሰ ዳቦ ኖረ። ፊቱ አበጠ፤ እብጠቱ ሲጎድል ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባና ሟቹን አባቴን መሰለ። ሥራውን አንድ ቀን አላቋረጠም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ አፉን ሳያይ ያሳልፈዋል ብዬ ፈራሁ። ቢመልሰውና ልጁ ያደረግሁትን ቢያውቅስ ብዬም ፈራሁ። ሁለተኛውን ግን እችለዋለሁ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ሸኘናቸው። ዝናብ ይጥላል።

«ዩወን፣ አፍህን ግጠም» አለው ሄክተር። «ጎርፍ ይገባል።»

«አንተ ብትገጥም ነው ለአገሩ የሚሻለው» አለው ዩወን። ቃሉ እንደ ሕፃን ቃል ይንሸራተታል። ሁሉም ሳቁ።

ኪርስቲ ኮሌታውን አስተካከለችለትና «በል ሂድ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ሐኪሙ ያሳለፈው ሰው እዚያው ካምፕ ይገባል፤ ያላሳለፈው በአሥር ሰዓቱ ባቡር ይመለሳል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። አልተነጋገርንበትም።

ያን ቀን አንዲት ላም ምጥ ያዛት። ደግ አደረገች። ጥጃው በእግሩ ስለመጣ እኔና ኪርስቲ በገመድ ስንጎትት ቀኑ ሄደ። ጥጃው መሬት ወርዶ መተንፈስ ሲጀምር ባቡሩ ጮኸ። ከጣቢያ እስከ እኛ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ኪርስቲ እጇን ሳትታጠብ ከበረቱ በር ላይ ቆመች። እኔ ጥጃውን በገለባ ማሸቴን ቀጠልኩ። ቶሎ ደርቋል፤ እኔ ግን ማሸቴን አልተውኩም።

«አንተ ሰው» አለች ብዙ ቆይታ።

«ምነው?»

«መንገዱ ላይ ሰው አለ።» ዓይኗን አጠበበች። «አረማመዱ የእሱ ነው።»

ዩወን ከነጭቃው ገባ። ጥጃውን አየ፤ በእግሩ ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አልነው።

«ምን አለህ ሐኪሙ?» አለች ኪርስቲ።

«አፍህን ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። የእኛ ብስኩት ድንጋይ ነው፣ በምን ልትሰብረው ነው አለኝ። በሰደፍ አልኩት። ጸሐፊው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ጥርስ ስታበቅል ተመለስ ብሎ ወረቀቴ ላይ ማኅተም መታ።»

«ሌሎቹስ?»

«አራቱም አለፉ።»

ቤት ስንገባ ኪርስቲ ኮቱን ተቀብላ ውሃውን አራገፈችና ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሾርባ ልታሞቅ ሄደች። የድስቱ ክዳን ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ እንደገና ወደቀ። ያኔ መሳቅ ጀመረች። ሰው ሠራሽ ጥርሷ ከቦታው እስኪንሸራተት ሳቀች፤ በሽርጧ አፏን ይዛ፣ ዓይኗንም በዚያው ሽርጥ እየጠረገች። ዩወንም ድዱን አውጥቶ ሳቀ። እኔ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ። ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ።

ሰርጉ በቀኑ ሆነ። በፎቶግራፉ ላይ ዩወን ከንፈሩን ገጥሟል፤ ሰው ሠራሹ የደረሰው ኅዳር ላይ ነው። ጦርነቱ በገና አላለቀም። በግዴታ መዝመት ሲመጣ ዩወን የልጅ አባት ሆኖ ተራው ወደ ኋላ ቀረ፤ ሳይደርሰውም ጦርነቱ አለቀ። ከአራቱ ሁለቱ ተመለሱ። ሄክተር አልተመለሰም፤ ስሙ አዳራሹ በር ላይ ተጽፏል። እዚያ ሳልፍ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

ሐኪሙ ዩወንን በመለሰው ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የበጎቹን አጥር ልናዛውር ወጣን። እኔ ችካል እይዛለሁ፤ እሱ በመዶሻ ይመታል። ሦስት ችካል ያለ ወሬ ተከልን። አራተኛው ላይ ተናገርኩ።

«ማስታወቂያውን አንብቤው ነበር» አልኩት። «ከመነቀልህ በፊት። የጥርሱን ነገር አውቅ ነበር።»

መዶሻውን አወረደ።

«የቱን ማስታወቂያ?»

«ፖስታ ቤት ያለውን።»

«ከጥንቸል ቆዳው ዋጋ ጎን የተሰቀለውን?»

«እሱን።»

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አባባ፣ የጥንቸል ቆዳ የሚሸጠው ማነው?»

ያኔ ገባኝ። ጥንቸሉን የሚያጠምደው እሱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ዋጋውን አይቶ ቆዳውን የሚያስረክበውም እሱ ነው። እኔ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው አስተውላለሁ እል ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንተስ?»

ችካሉን በእጄ አዞርኩ።

«አልሄድም ብል ሄክተር ዕድሜ ልኬን ያነሳብኛል» አለ። «ጥርስ የለህም ተብሎ የተመለሰን ሰው ግን ፈሪ የሚለው የለም። ይስቁበታል። ሳቁን እችለዋለሁ።»

«ደህናዎቹ ጥርሶችም ሄዱ እኮ።»

«ለሰርጉ መነቀላቸው መች ይቀር ነበር?» ምላሱን በድዱ ላይ አዞረ። ወደ በጎቹ እያየ፣ «ወንበሩ ላይ ሆኜ ሳይህ፣ ሦስቱን ብቻ ይል ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ።

ችካሉን አቀናሁለት።

«ምታ» አልኩት።

መታ።