የጀልበኛው ካፖርት

ተጫዋቿ ጀልበኛውን ጉሮሮው ላይ ወጋችው። እሱ ገና «እባክሽ፣ እናቴ...» እያለ ነበር። ደግማ ወጋችውና ወደቀ። ሬሳውን በእግሯ ገልብጣ ካፖርቱን ገፈፈችና ለበሰችው።

«ወይ ማማሩ!» አለች ለራሷ።

ሥራዋ ነርስነት ነው። ስትገባ ጫማዋን አውልቃ በር ላይ በሥርዓት ያስቀመጠች፣ የቀረፋ ዳቦ ሲሰጧት ሁለቴ ያመሰገነች ጨዋ ሴት ናት። ያችው ጨዋ እስክሪኑ ውስጥ በደም ተለውሳ ቆማለች።

ከኋላዋ ሶፋ ላይ የተቀመጡት የጌሙ ሠሪዎች ጭጭ ብለዋል። በዚህ የማልሞ ከተማ ስቱዲዮ የዓርብ ሕግ አለ። እንግዳ መጥቶ ሲጫወት ከኋላ ያለ ሰው ትንፍሽ አይልም፤ የተናገረ ለሚቀጥለው ዓርብ ኬክ ይገዛል። ታሪኩን የጻፈችው ሄድቪግ አፏ ደም ደም እስኪላት ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

ጀልበኛው የእሷ ፍጥረት ነው። ከዳተኛነቱ ይታወቅበትና ይንበረከካል፤ ከዚያ ተጫዋቹ ወይ ይገድለዋል ወይ ይምረዋል። ልመናውን ስትጽፍ ክረምቱን ሙሉ ለፍታበታለች። እስከዛሬ የመጡት ሁሉ ግን ንግግሩን እየዘለሉ አረዱት። አለቃዋ ጉኒላም ቁርጡን ነግራታለች። በሚቀጥለው ዓርብም ተጫዋቹ እንደዋዛ ገድሎት ካለፈ ትዕይንቱ ከጌሙ ይሰረዛል፤ ጀልበኛውም እንደማንኛውም ሽፍታ መንገድ ላይ መጥቶ የሚሞት ይሆናል።

ነርሷ እንደወጣች ሲክስተን ሳቁን ለቀቀው። ውጊያውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ገዳይ ምን እንደሚያገኝ የሚወስነውም እሱ።

«ያንቺ ሰውዬ ጀልበኛ ነው ቄስ? ቢላዋ ጉሮሮው ላይ ሆኖ ይሰብካል እንዴ?»

«ካፖርቱን ማነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ! ቀጥሎ በረዶ አገር ነው የሚገቡት። ለእንደዚህ ዓይነት ካፖርት ማን ሰው አይገድልም?»

ሄድቪግ ጆይስቲኩን አንስታ ፊቱ ላይ አሳረፈችበት። አፍንጫው ቀጭ አለ። ደገመችው፤ ከነወንበሩ ተገለበጠ። ላዩ ላይ ወጥታ በቡጢ ትወቅጠው ጀመር። ደሙ ሹራቡን አልፎ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ። ሲክስተን አልመታትም፤ ሁለት መዳፉን ከፊቱ ዘርግቶ ብቻ ይከላከል ነበር። መዳፎቹን ስታይ መምታቷን አቆመች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ጀልበኛው ቪዳር ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለጃኬቱ ብለው ገደሉት። መዳፎቹ ተተልትለው ነበር። ስለቱን በእጁ ጨብጦት ነበር፣ ሲክስተን።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ሲሞት ግን አለመርሳቱ ለእህት ይተርፋል፤ ይሄ ደግሞ ክፉ ውርስ ነው። ሲክስተን ከወለሉ ሳይነሳ አፍንጫውን በሹራቡ እጅጌ ያዘ።

«ይቅርታውን በኋላ ትጠይቂኛለሽ» አለ እያለከለከ። «አሁን ስሚኝ። አንቺ በቃል ‹ማሩት› ትያለሽ፣ እኔ ለገዳዩ ካፖርት እሸልማለሁ። ታዲያ ማንን ይስሙ? ከፈለግሽ ካፖርቱን አነሳዋለሁ።»

«እንዳትነካው! ለእሱ ብለው አይደል የገደሉት?»

«እንግዲያው ልመናውን ተይውና ስለቱን የጨበጠውን እጁን ስጪኝ።»

ሳምንቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። ያ ሁሉ የተለፋበት ልመና ተሰረዘ። አሁን ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ቢላዋው ይገፋል፤ ጀልበኛውም ስለቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይይዛል። በጨበጠ ቁጥር ጆይስቲኩ በተጫዋቹ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። መዝለል የለም። መግደል የፈለገ እየገፋ፣ ጣቶቹን እየቆረጠ መግደል አለበት።

ዓርብ የመጣው ኡልፍ የሚባል የወደብ ክሬን ነጂ ነበር። እስክሪኑ ላይ ያለውን መንደር እየሳቀ ፈጀው። «ና አንተ ፍየል!» እያለ አንዱን አንገቱን ቀነጠሰው፤ ሌላው ላይ እሳት ለቀቀበት። ሄድቪግ ተስፋ ቆረጠች።

ጀልበኛው ዘንድ ሲደርስ ኡልፍ ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱ እጆች ስለቱን ያዙት። ጆይስቲኩ ተንቀጠቀጠ።

«ልቀቅ እንጂ!»

ጠበቅ አድርጎ ገፋ። አንድ ጣት ተቆርጦ ወደቀ። ደሙ በጀልበኛው ክንድ ወረደ፤ እጆቹ ግን አልላሉም።

«ልቀቅ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ! ካፖርቱን ነው የምፈልገው!»

አሁንም ገፋ። ጆይስቲኩ በግዙፍ መዳፉ ውስጥ እንደተያዘ ዓሣ ይንፈራገጣል። ከዚያ የኡልፍ አውራ ጣት ከቁልፉ ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። እስክሪኑ ላይ ቢላዋው ወደቀ።

ጀልበኛው ካፖርቱን እንደለበሰ ተነሳ። አፉን ከፈተ፤ ከእስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ወጣ፦ «እዚህ ጋ ንግግር ይገባል»።

ሄድቪግ ጽሑፉን አወቀችው፤ የራሷ ማስታወሻ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጻፈችው አሟሟቱን ነበር። ከተረፈ የሚናገረውን «በኋላ እጽፈዋለሁ» እያለች ዘልላዋለች፤ ተርፎ ስለማያውቅም ማንም ልብ አላለውም። እነዚያ ሌቦች ቪዳርን የገደሉት አንዴ ነው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሲሞት እንጂ ሲኖር አስባው አታውቅም። አፈረች።

ኡልፍ ወደ ኋላ ዞረ። «ተርፏል አይደል? ምንድነው የሚለው?»

ጉኒላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እርቦኛል ነው የሚለው» አለች ሄድቪግ እንባዋ እየወረደ። «ቤቴ ልሂድ፣ እርቦኛል።»

ኡልፍ አየት አደረጋትና ወደ እስክሪኑ ተመለሰ። ጆይስቲኩን አነሳ።

«በል ና ጀልባው ውስጥ ግባ» አለው ጀልበኛውን። «እጅህ ቆስሏል፤ እኔ እቀዝፋለሁ።»