ትንፋሽ ብቻ

"ትናንት ደግሞ ባልሽን ገደልሽው አይደል!" አለችኝ እናቴ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

"እኔ አልገደልኩትም እማ። መኪና ነው የገጨው።"

"አንቺ 'ቶሎ ና' ብለሽ ባትጠሪው መቼ መንገድ ይሻገር ነበር?"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሥራዬ የውጭ ፊልሞችን በእኛው ቋንቋ ማናገር ነው። አንዲት ቆንጆ ሴት ስክሪኑ ላይ በማላውቀው ቋንቋ ስታወራ፣ ድምፅዋ እኔ ነኝ። ፊልሙን አልጻፍኩት፣ አልሠራሁት፤ ግን መጨረሻው ባላማረ ቁጥር የሚወቀሰው ማን መሰላችሁ? እኔ! ባለሱቁ ስኳር እየመዘነ "ምነው ያን የመሰለ ሰው ትተሽ ከዚያ ከሃዲ ጋር ሄድሽ?" ይለኛል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ሐኪም ሆኜ በሽተኛዬ ስለሞተ ሰላምታዋን ነፍጋኝ ከርማለች። እናቴንማ ተዉአት። ፊልሙ ክፉ ካለቀ እራት አትበላም፣ እኔንም አታስበላም።

እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? እኔም እንደሷው ነኝ። ፊልም ሠሪዎቹ ሲያስቁኝ፣ ተስፋ ሲሰጡኝ ቆይተው ልክ ሊያልቅ ሲል አንዱን ባሕር ሲከቱት፣ አንዷን ሲያሳብዷት ደሜ ይፈላል። ሰው ሥራ ውሎ ደክሞት ቁጭ የሚለው ለመናደድ ነው እንዴ? መናደድማ ሰልፍ ላይም አለ፣ ያውም በነጻ።

የፊልም ባሌ ጎርናናው ይባላል። ትክክለኛ ስም አለው፤ ግን ድምፁን አንዴ የሰማ ሰው በስሙ አይጠራውም። ቀጭን፣ አጠር ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። አፉን ሲከፍት ግን ይሄ ድምፅ ከየት መጣ ብላችሁ ከኋላው ሰው ትፈልጋላችሁ። ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመን ተጋብተናል፣ ተፋተናል፣ ተካክደናል፣ ተላቅሰናል። በቀን ስንት ጊዜ "እወድሻለሁ" ይለኛል። እኔም "እኔም እወድሃለሁ" እለዋለሁ። ከዚያ ዳቧችንን እንበላለን።

ዳቦው ቀልድ አይደለም። የምንቀዳባት ክፍል ከቁም ሳጥን ትንሽ ብትሰፋ ነው። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፤ ድምፅ እንዳይገባ ማራገቢያ አይበራም፤ አምባር አይደረግም፤ ሆድ ባዶም አይገባም፤ ማይኩ የሆድ ጩኸት ይሰማላ! አንዴ አስከሬን ላይ ተደፍቼ እያለቀስኩ ሆዴ አጉረመረመ፤ "ሟቹ ተነሣ!" ብለን ስንስቅ ሥራው ቀረ።

ሌላም ልማድ አለን። ስንሠራ አንተያይም። ዓይናችን ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሰዎቹን ከንፈር እንጠብቃለን። አንዳችን ስንሳሳት ሌላው ወዲያው ያርማል። "ረዘመ"፣ "ቀደምክ"፣ "ድምፅሽ ወረደ"። ይሉኝታ ብሎ ነገር የለም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት አንድ ትዕይንት ጨርሰን እረፍት ሆነ። አለቃችን ስልክ ሊያወራ ወጣ። እኔ የሚቀጥለውን ንግግሬን እያነበብኩ ዳቦዬን እገምጣለሁ። ጎርናናው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማታ ማታ አንቺ ወደዚያ እኔ ወደዚህ ከምንለያይ፣" አለ፣ "ወደ አንድ ቤት ብንገባ ደስ ይለኛል። ብዙ አስቤበታለሁ። ምን ትያለሽ?"

ቀና እንኳ አላልኩም። "'ብዙ አስቤበታለሁ' ላይ ድምፅህ ወረደ" አልኩት፣ ዳቦ በአፌ ሞልቶ። "ደግሞ ፈራ ተባ አልክ። ሰውዬው ቁርጡን የወሰነ መምሰል አለበት። ድገመው።"

መነጽሩን ከፍ አደረገ። ከዚያ ደገመው! ቃል ሳያጎድል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገመው። ሁለተኛው እንዴት ያምር ነበር!

"አሁን ገና ሰው አሳመንክ!" አልኩትና ፍርፋሪዬን አራገፍኩ።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን ፊቱን አጨፍግጎ ገባ። አለቃችን ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጦ የሚመራን፣ አንዲቷን ቃል ደጋግሞ ካላስባለን የሠራ የማይመስለው ሰው ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሬዲዮ ጣቢያ ጎርናናውን ዜና አንባቢ ሁንልን ብሎ ሲለምነው ከርሞ ኖሯል፤ እሱም በምሳ ሰዓት ደውሎ እሺ ብሏቸዋል። ይሄን ፊልም ጨርሶ ይሄዳል።

ተቃጠልኩ! ይሄን ያህል ዓመት ጎኑ ቆሜ ለአለቃ ይነገራል፣ ለኔ አይነገርም? አኮረፍኩ። በዚያ ከሰዓት የቀዳሁት የፍቅር ቃል ሁሉ ዛቻ ዛቻ ይላል።

"ልጅቷ ትወደዋለች እኮ፤ ልትነክሰው አይደለም" አለኝ አለቃችን።

ስንወጣ ባለማሽኗ ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ድምፃችንን የምትቀዳው ልጅ ናት፤ ማዳመጫዋ ከጆሮዋ አይወርድም።

"እንደው አንቺ ልብ የሚባል ነገር የለሽም?" አለችኝ።

"እኔ? ሳይነግረኝ የሚሄደው እሱ!"

"ምን አልነገረሽም? ማዳመጫዬን አላወለቅኩም ነበር፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ካልፈለግሽው አልፈልግህም ይባላል። ሰው ልቡን ዘርግፎ ሲነግርሽ 'ድገመው' ይባላል?"

"ያ እኮ ልምምድ ነው!"

"የምን ልምምድ? ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር።"

እውነትም ጠፍቶ ነበር። የምንሠራው ፊልም ውስጥ እንደዚያ የሚል ሰው አልነበረም። ጎርናናው የተናገረው የራሱን ነው፤ እኔ ደግሞ እርማት ሰጠሁት። ያውም አስደገምኩት! ወይኔ ጉዴ! ምነው ያን ጊዜ ያ ዳቦ አንቆ በገደለኝ!

ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። በሳቅ ትሞታለች ስል ከንፈሯን መጠጠች።

"ትፈልጊዋለሽ?" አለችኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ሰኞ ጠዋት በእሱ ቦታ ማይኩ አጠገብ ሌላ ሰው ቆሞ በሐሳቤ ታየኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"እና እዚህ ምን ያስለቅስሻል? ለዓለሙ ሁሉ ስትናገሪ ውለሽ ለራስሽ ሲሆን አፍሽ ተለጎመ? ሂጂና ንገሪው!"

በማግስቱ የቀረን የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር። ለብቻው ላገኘው በጠዋት ሄድኩ። እሱ ግን ሁሉም ሰው ከተሟላ በኋላ ገባ፣ "ደህና አደራችሁ" አለና ማይኩ ፊት ቆመ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ ልንገራችሁና አብራችሁኝ ተናደዱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተፈላለጉ ሁለት ሰዎች ባቡር ጣቢያ ቆመዋል። እሱ ሻንጣውን ያነሳል። እሷ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ታየዋለች። እሱ ይሳፈራል፤ ባቡሩ ይሄዳል። አለቀ! አንዲት ቃል የለም!

"እኔ ምን ልበል?" አልኩት አለቃችንን።

"ምንም። ትንፋሽ ብቻ ነው የምንቀዳው።" አዎ፣ እኛ ቤት ትንፋሽም ይቀዳል።

"ሰው ይረግመናል።"

"ይርገመና። ዝም አይነቅዝም።"

ቀዩ የመቅጃ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው ሻንጣውን አነሳ። ጎርናናው ከጎኔ በረጅሙ ተነፈሰ፤ በቃ፣ የእሱ ድርሻ ያችው ነች። ቀጥሎ የኔ ነው። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ አፏ አይታይም። አፏ ካልታየ ደግሞ ተናገረች ቢባል ማን ይክዳል? ልቤ ድው ድው ይላል፤ ይሄ ማይክ ይሄንንም ሳይሰማው አልቀረም።

"አትሂድ" አልኩ።

ከመስታወቱ ማዶ አለቃችን እጁን አወናጨፈ። ዝም አላልኩም።

"ልምምድ መስሎኝ ነው። ቀና ብዬ ባይህ ኖሮ ይገባኝ ነበር። እኔም ማታ ማታ መለያየቱ ሰልችቶኛል፤ እንደሰለቸኝ ያወቅኩት ግን ትናንት ነው።"

ሰውዬው ተሳፈረ። ባቡሩ ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ዓይኔን ከስክሪኑ ነቅዬ ወደ ጎርናናው ዞርኩ። መነጽሩ በላብ ደብዝዟል።

"ይሄ የሴትዮዋ ነው ያንቺ?" አለኝ።

"የኔ ነው።"

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ፍቅር ስናወራ የኖርን ሰዎች፣ የሚነበብ ነገር ሲጠፋ ተንተባተብን።

"ሥራውን እሺ ብያቸዋለሁ" አለ እንደ ምንም። ያ ጎርናና ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ልጅ ልጅ የሚል ድምፅ ነው የወጣው።

"አውቃለሁ።"

"ቃሌን አላጥፍም። ሰኞ እጀምራለሁ።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ! መቼ ቃልህን እጠፍ አልኩህ? እኔን ጠይቀኝ እንጂ!"

አፉን ሊከፍት ሲል ወደ መስታወቱ አየ። እኔም አየሁ። ባለማሽኗ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና እንባዋ ይወርዳል። መብራቱ አሁንም ቀይ ነው፤ ማሽኑ ይቀዳል። አለቃችን ያብዳል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ በማጉያው መጣ፤ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

"አጥፊው" አላት። "ይሄ የፊልሙ አይደለም።"

ቀዩ መብራት ጠፋ። ባለማሽኗ ቅር እያላት ማዳመጫዋን አወለቀች፣ አለቃችንም ክንዷን ይዞ አስወጣት።

ጎርናናው ጠየቀኝ። ምን ብሎ እንደጠየቀኝ የኔና የእሱ ጉዳይ ነው።

"አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት።