የስትራቶስ የመጨረሻ ሞተር

«ሞተሩን ልትከፍቺው? የአባትሽን ሥራ?» ማኖሊስ ስኳር የሌለውን ቡናውን ሳይጨርስ ስኒውን አስቀመጠ።

«ልክፈተው አላልኩም፣ አጎቴ። ልፈትሸው ነው ያልኩት» አለች ፎቲኒ።

«ስትራቶስ የሠራውን ልትፈትሺ! ሜልበርን በሙሉ ይስቅብሻል።»

ስትራቶስ ከተቀበረ ገና ሳምንቱ ነው። ሳሎኑ በጥቁር ለባሾች ተሞልቷል። የመጣው ሁሉ አንድ መለኪያ ኮኛክ ይጨልጥና «ነፍሱን ይማር» ይላል፤ ከዚያ ጎረቤቱን እየተጠጋ ሰንሻይን ሰፈር እንደ ስትራቶስ ያለ የሞተር እጅ አይቶ እንደማያውቅ ያንሾካሹካል። ማኖሊስም የወጣትነት መኪናውን፣ አሮጌውን ፎርድ ፋልከን፣ አምኖ የሰጠው ለእሱ ብቻ ነበር። አሁን ታድሶ ያለቀውን ሞተር አስገጥሞ፣ ለአርባው ጸሎት እያስጓራ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሊደርስበት ቸኩሏል።

«ተዪው፣ ልጄ» አለች እናቷ ኤቫንቲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሰው ጆሮ አለ።»

ፎቲኒ ገብቷታል። ስህተት ከተገኘ ወሬው አርባውን አይጠብቅም። ስህተት ኖሮ ሳይታይ ካለፈ ደግሞ፣ የአባቷ የመጨረሻ ሥራ ምእመናን በተሰበሰቡበት ተሰባብሮ ይቆማል።

መፈተሽን ያስተማራት አባቷ ራሱ ነው። «ሞተር የሠራ ሰው ሞተሩን አይፈትሽም፤ ዓይን የገዛ ስህተቱን አያይም» ይል ነበር። ሥራ በጨረሰ ቁጥር ጠርቷት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ አጠገቧ ይቆማል። ለዚህኛው ግን አልጠራትም። እሷ ሌላ ጋራዥ ስለተቀጠረች የተቀየማት መስሏት ነበር።

ተነስታ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጋራዥ ሄደች። ማኖሊስ እያጉረመረመ ተከተላት።

ሞተሩ ማቆሚያው ላይ ተሰቅሎ ሰማያዊ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ረጅሙን እጀታ በኮሎው፣ ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ፣ ጫፍ ላይ አስገብታ በእጇ ቀስ እያለች አዞረችው። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ያዝ አደረጋት።

«አዲስ የተሠራ ሞተር መቼም ጠንከር ይላል» አለ ማኖሊስ።

«እኩል ቢጠነክር ጥሩ። ይሄ ግን ቦታ እየመረጠ ነው።»

ሞተሩን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን የዘይት ኮፓ ፈታች። ፒስተኖቹን ከኮሎው ጋር የሚያያይዙት ስምንቱ ቢየላዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቢየላና እግሩ ላይ የሚታሰረው ቆብ አብረው የተሞረዱ ናቸው፤ እንዳይለዋወጡም አንድ ዓይነት ቁጥር ተመትቶባቸዋል። በባትሪ እያበራች አነበበች። 3 ቁጥር ቢየላ የ8ን ቆብ አድርጓል። 8 ቁጥር የ3ን።

ማኖሊስ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

«ባለፈው» አለ፣ «ቡና ሲቀዳልኝ ከስኒው ውጭ አፈሰሰው። ‹አንተ ሽማግሌ፣ ታወርክ እንዴ?› ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ።»

«ተቀይሞኝ አልነበረም» አለች ፎቲኒ። «ፈርቶኝ ነው።»

ማኖሊስ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ሞተሩ የእሱ ነው ይበሉ። እኔ ሁለት ቆብ ነው ያዛወርኩት። ከፈለጉ ይህንንም ይንገሩ።»

«እኔ? እኔ ደግሞ መቼ ወሬ እችልበትና!» አለ ማኖሊስ፣ የሰፈሩ አንደኛ ወሬኛ። ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰ።

ፎቲኒ ቆቦቹን በየቦታቸው መልሳ፣ ለክታ አሰረች። ኮሎው አሁን የትም ሳይዝ ዞረ። የቀረው ኮፓውን መግጠም ነው፤ በፊት ግን ጠርዙ ላይ የደረቀው አሮጌ ማጣበቂያ ተፍቆ መነሳት አለበት፣ አለዚያ ዘይት ያፈሳል። ዙሪያውን በስለት ፋቀች። ጥጉ ጋ ስትደርስ ጥቁሩ ማጣበቂያ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አገኘች። ስትራቶስ ጠርዙን ሲያስተካክል ተጭኖት የደረቀ ነው።

ስለቱን አስቀመጠች። የራሷን አውራ ጣት አሻራው ላይ አሳረፈች። የእሱ ይሰፋል፤ በጣቷ ዙሪያ ተረፈ።

ከዚያ ስለቱን አንስታ ፋቀችው።