ሽርጥ የለበሱ ቀስተኞች

ዶድ ሌይድሎን የሚያውቅ የስኮትላንዷ የሴልከርክ ከተማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ሰውዬው ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቄሱ በስብከት መሃል ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አርሟቸዋል። ዳቦ ቤቱ ከተማው በሚታወቅበት ዘቢብ ዳቦ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ጨመረ ብሎ የገዛውን ዳቦ ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀምጦ ወጥቷል። በጫጉላቸው ሰሞን እንኳ ግንብ የሚያስጎበኛቸውን ሰው በየክፍሉ ሲያርመው ስለዋለ፣ ሚስቱ ኔታ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ፀጉር ሰንጣቂ ነው። የሠራበት የሱፍ ፋብሪካ አለቆችም ይህንኑ ብለውታል፤ እሱ ግን መሰንጠቅ ያለበት ፀጉር ይሰንጠቅ ባይ ነው።

አሁን ያ ሰው አልጋ ላይ ነው። ሳንባው ውስጥ የበቀለው ነገር ወደ ጉበቱ ወርዷል። ሐኪሟም ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የምናደርገው የለም ብላለች። ኔታ ይህን ሰምታ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ተቀብላዋለች። ያልተቀበለችው ሌላ ነገር ነው፤ ዶድ መቆጣት አቆመ። ለሁሉም ነገር መልሱ «ደህና ነው» ሆነ። ሾርባው ቢቀዘቅዝ ደህና ነው። ነርሷ የከተማውን ስም አጣማ ብትጠራው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኑ የመካከለኛው ዘመን ስኮትላንዳውያንን ፊታቸውን ሰማያዊ ቀብቶ ሲያስጨፍራቸው ኔታ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ድሮ ቢሆን ጎረቤት እስኪሰማ ይጮህ ነበር። ዶድ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። ያኔ ፈራች። ሞቱ ገና ሳይመጣ ሰውዬው ቀድሞ የሄደባት መሰላት።

ስለዚህ ቁጣውን ልታስመልስ ቆረጠች። ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው ሲቆጣ ልትሰማው ነው የፈለገችው።

መንገዱን ታውቀዋለች። በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ዶድ ስንት ክረምት የደከመበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ በትንንሽ ምስሎች የተሠራ የፎልከርክ ጦር ሜዳ ነው፤ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች ስኮትላንዳውያንን ድል ያደረጉበት። አውራ ጣት የሚያህሉ እግረኞች ረጃጅም ጦራቸውን ወደ ውጭ ቀስረው ክብ ክብ ሠርተው ቆመዋል። የገዛ ፈረሰኞቻቸው ጥለዋቸው ሲሸሹ ጠረጴዛው ጠርዝ ደርሰዋል። በክቦቹ መካከል ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። እዚያ መቆም ያለባቸው የኤትሪክ ጫካ ቀስተኞች ናቸው፤ የዚሁ አገር ልጆች፣ ማን ያውቃል፣ የዶድ ቅድመ አያቶች ይሆናሉ። ጌታቸው ከፈረሱ ሲወድቅ ከበውት አልንቀሳቀስ ብለው እዚያው አለቁ። ጠላት እንኳ በኋላ በሬሳቸው መካከል እየዞረ ቁመናቸውንና መልካቸውን አደነቀ ይባላል። ዶድ እነሱን ለመጨረሻ ያቆየው ሁነኛ ምስል አጥቶ ነው። የእንግሊዝ ቀስተኛ በየሱቁ እንደ አሸዋ ነው፤ የስኮትላንዱን ግን ምስል ቀራጩ ሁሉ ዛሬ የስኮትላንድ ወንዶች በበዓል የሚለብሱትን ባለመስመር ሽርጥ ያለብሰዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ ሽርጥ የሚባል የለም፤ ለመምጣት ገና ሦስት መቶ ዓመት ይቀረዋል።

ቅዳሜ ኔታ የዶድን እህት አጠገቡ አስቀምጣ በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ጋላሺልስ ሄደች። ፈርገስ የሚባለው የትንንሽ ወታደሮች ነጋዴ ለቅዳሜው ገበያ በከተማው ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ዕቃውን ዘርግቷል። የዶድን ጤና ጠየቃት፤ ስትነግረው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሳጥን አወጣና ጋሽ ዶድ ሲፈልጋቸው የኖረው ቀስተኞች በመጨረሻ ተገኙ አላት።

አንዱን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ትክክል ነበር። ትከሻ ድረስ የሚወርድ ቆብ፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ተራ እጀ ጠባብ፣ ወገቡ ላይ አጭር ጎራዴ። ቀስቱ ከባለቤቱ ቁመት ይተካከላል፤ ጥሩር የሚባል የብረት ልብስ አጠገቡም አልደረሰ። ፊቱ የገበሬ ፊት ነው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እራት ላይ ስትሰማ የኖረችውን ነገር ጣቷ ላይ ቆሞ አየችው። መልሳ አስቀመጠችውና ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ጠቆመች።

«እነዚያን ስጠኝ።»

የጥጎቹስ አያድርስ ነው። ባለመስመር ሽርጥ፣ ሰማያዊ ፊት፣ ራቁት ደረት፣ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ቀስት፤ ጀርባቸው ላይ ደግሞ ከነሱ የሚረዝም ጎራዴ።

«እትዬ ኔታ፣ ጋሽ ዶድ እነዚህን ቢያይ እኔንም እርስዎንም ከነሕይወታችን ይቀብረናል» አለ ፈርገስ።

«ይቅበረና። እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ትንሽ አያት። ገባው መሰል፣ ሌላ ሳይጠይቅ ጠቀለለላት።

ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚሉት ይህ ነው። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ የሚላትን እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች። ከየቱ ይጀምር ይሆን? ከሽርጡ ነው ከፊቱ ቀለም? አንቺ ሴት፣ ከእኔ ጋር ስትኖሪ ጆሮሽን የት አስቀምጠሽው ነው ይላታል። እሷም አትተወውም፣ ትመልስለታለች። ከእግዚአብሔር የለመነችው አንድ ጥሩ ጠብ ብቻ ነው።

ቤት ገብታ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ በአንድ አቆመችለት። ዶድ ዓይኑን ገለጠ። አንዱን በከሳ እጁ አነሳና ወደ ፊቱ አስጠጋ። ዓይኑ ሽርጡ ላይ ሲያርፍ አየችው፤ ከዚያ ፊቱ ላይ፣ ከዚያ ጎራዴው ላይ። ኔታ ጠበቀች።

«ደህና ናቸው» አለ።

ኔታ ያላሰበችው ንዴት ነደዳት። ሽርጡን አታይም ወይ አለችው። ቀለሙ ሺህ ዓመት ዘግይቶ፣ ጎራዴው ሁለት መቶ ዓመት ቸኩሎ የመጣ ነው አለችው። በዚህ ቀስት ጥንቸል አይገደልም፤ ቀስት የሚይዝ ገበሬ ደግሞ ሸሚዝ አያጣም፤ ይህን የሠራውም፣ የሸጠውም፣ ገዝታ ያመጣችውም ማፈር አለባቸው አለች። እህትየው ድምፅ ሰምታ በሩ ላይ ብቅ አለችና ተመለሰች። ኔታ አላቆመችም፤ በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እንዴት ደህና ናቸው ትለኛለህ?»

«ገና ዓይኔን ስገልጥ ለይቻቸዋለሁ» አለ ዶድ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ። «ሆን ብለሽ ያመጣሻቸው ነው። አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ልቆጣልሽ ሞክሬ ነበር፣ ኔታዬ። ደስ እንዲልሽ። ውስጤ ገብቼ ፈለግኩት፤ የለም።»

ምስሉን ብርድ ልብሱ ላይ አስተኛውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኔታ ከነኮቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ባሏን የተሰናበተችው ያን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ቀብሩ በኋላ ነው የመጣው።