እኩል የሚርቀው ሰፈር

የራጅ ባለሙያዋና ባሏ ከተጋቡ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ አብረው የሚገቡበት በር ግን አልነበራቸውም። እሷ የምትሠራው በታችኛው ከተማ ሆስፒታል ነው። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ «አየር ይሳቡ፤ አሁን አይተንፍሱ» ስትል ስለምትውል ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «አይተንፍሱ» ይሏታል። እሱ በላይኛው ከተማ መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ፍሬን» ነው። በክፋት አይደለም፤ ከአፉም ከእግሩም የማይጠፋው እሱ ስለሆነ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ እንኳ መኪና ብቅ ካለ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል።

ሥራ ባለበት ቀን እሷ አባቷ ቤት፣ እሱ ታላቅ እህቱ ቤት ያድራሉ። ቅዳሜና እሁድ በተራ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ተራው ታዲያ ቀልድ አልነበረም። ፍሬን ለእኩልነት ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው።

«ያለፈው የእኔ ተራ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ አንቺ ጉንፋን ስለያዘሽ የእኔ ሆነ። ስለዚህ የሚመጡት ሁለቱ የአንቺ ናቸው» ይላታል። ቂም የለበትም፤ እንዲሁ መሥመሩን መያዝ ይወዳል።

አንድ ቤት እንግባ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ጠቡ የትኛው ከተማ የሚለው ላይ ሆነ። አባቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸውን ቢዘጉም መርፌያቸውን አልጣሉም። «ላይኛው ከተማ? እዚያ እኮ ሰው ጎረቤቱን የሚያየው በቀጠሮ ነው» አሉ። እህቱ፣ እትዬ የሚላቸው፣ ደግሞ «ታችኛው ከተማ? ክላክስ እንጂ ፍሬን መኖሩን የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ምን ልትሠራ?» አሉት።

ፍሬን ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ መፍትሔ ይዞ መጣ። «መሃል።»

«መሃል ምን አለ?» አለችው።

«መሃል ማንም ማንንም አይበልጥም።»

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው አሳረፉት። አባቷ በበኩላቸው የሚተኩሱትን ሱሪ ከፍ አድርገው አሳዩዋት። «አየሽ ልጄ፣ ሁለት እግር አለው። መሃሉ ላይ ግን ስፌት እንጂ ሰው አይኖርበትም።» እሷ ሳቀች፤ ሆኖም የባሏን ልብ መስበር አልፈለገችም። በዚያ ላይ እውነቱን ለመናገር በየሳምንቱ ሻንጣ ማዘጋጀት ሰልችቷታል።

ደላላ ፈለጉ። ያገኙት ሰው ቅቤ ምላስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉድለት አንድ ምርቃት አለው። የመጀመሪያው ቤት መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጡብ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነበር። «ብርድ የሚባል ነገር አታውቁም» አለ።

ሁለተኛው ቤት ላይ አይተንፍሱ ልቧን ጥላ ቀረች። ትንሽ ግቢ አለው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የቀድሞዎቹ ተከራዮች ትተውት የሄዱት አግዳሚ ወንበር። ከታች ካለው ዳቦ ቤት ሽታው ሽቅብ ይወጣል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ባሏ ግን ደላላውን በጥያቄ ይዞት ነበር፤ አውቶቡሱ ከዚህ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል፣ ከዚያስ እዚህ?

«ያዳላል» አላት በመጨረሻ።

«ወዴት?»

«ወደ አንቺ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቀርብሻል።»

«ታዲያ እኔ ሚስትህ አይደለሁም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው። ኋላ እኔ አኮርፋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ይጸጽትሻል። አሁኑኑ ይቅርብን።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየችው ቅንነት እንጂ ስስት አልነበረም፤ የከፋትም እሱ ነው። ስስት ቢሆን ትጣላው ነበር። ጫማዋን አጠለቀች።

ሦስተኛው ቤት ልክ መሃል ላይ ነበር። አመድማ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሥሩ በሰፊው መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታዎች። አንድ መድኃኒት ቤት አለ፤ አንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤትም አለ፤ ዝግ ነው። ጎዳናው ላይ አንዲት ድመት መሃል መንገድ ተኝታለች።

«ሰዎቹ የት አሉ?» አለች አይተንፍሱ።

«ሥራ ላይ» አለ ደላላው።

«ልጆቹስ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ትምህርት ቤቱ የት ነው?»

«ከተማ።»

«የትኛው ከተማ?»

«እንደ ምርጫችሁ።»

«አንተስ የምትኖረው እዚህ ነው?»

«እኔማ እመቤቴ፣ ደላላ ነኝ፤ ሰው ያለበት ነው የምኖረው» አለ፤ ያመለጠው የገባው ከተናገረው በኋላ ነው። ፍሬን ግን አልሰማም። መስኮቱ ላይ ቆሞ ሁለቱን ፌርማታዎች በተራ እያየ ፈገግ ብሏል።

ገቡበት። በመጀመሪያው ሰሞን መጋረጃ መስቀሉ፣ ዕቃ መደርደሩ፣ ባልና ሚስት ነን ማለቱ ደስ አላቸው። ከዚያ ኑሮው መጣ። ጠዋት አብረው ይወርዱና መንገዱ ይለያቸዋል፤ እሷ በዚህ በኩል፣ እሱ በዚያ በኩል ይቆማሉ። አውቶቡሶቹ ከሁለቱም ከተማ ጢም ብለው ተሞልተው ነው የሚደርሱት። መሃል ላይ የሚወርድ የለማ፣ የሚቀመጡበት ከየት ይምጣ? አንዱ አልፏት ሲሄድ ባሏን በወዲያ በኩል ታየዋለች፤ እሱንም አልፎታል። እጅ ይነሳሳሉ። ማታ ደግሞ ቆመው የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ራት በልተው ሳይጨርሱ አንዳቸው ያንቀላፋል። በፊት በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨዋወቱ የኖሩ ሰዎች አሁን በየቀኑ እየተገናኙ የሚያወሩት ውሃ ስለ መጥፋቱ ብቻ ሆነ።

ከፊት ለፊት በር የምትኖር የባንክ ሠራተኛ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታት ጤና ይስጥልኝ ከማለቷ በፊት «እናንተስ ከየትና ከየት ናችሁ?» አለቻት። ለካስ የሰፈሩ ሰላምታ ይህ ኖሯል። ሁሉም ባለትዳር ነው፤ ሁሉም አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው፤ ሁሉም እዚህ የገባው ላለመጣላት ነው። «እኛ ስድስተኛ ዓመታችን ነው» አለች የባንክ ሠራተኛዋ። «አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። መቼ ተገናኝተን?»

አይተንፍሱ ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ከሁለት ያጣ ጎመን መሆናቸው እሱም ሳይገባው አልቀረም፤ ግን የራሱ ሐሳብ ስለሆነ እንደ ጌጥ ተሸክሞታል።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ሞላና ከሰፈራቸው ወደ ታችኛው ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ አንድ ጎኑን ይዞት ሄደ። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ደወለችለት።

«አባዬ ቤት ልደር ነው። መንገድ የለም።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አላት። ድምፁ ውስጥ ግን ቅሬታ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ በር ተንኳኳ። ፍሬን ነው፤ ከጸጉሩ እስከ ጫማው ጭቃ ለብሷል። በአሮጌው የተራራ መንገድ ዞሮ፣ መኪና ከመኪና እየቀያየረ፣ የቀረውንም በእግሩ ነው የመጣው። ዝርዝሩን እስኪነግራት ጠበቀች፤ ምን ያህል እንደፈጀበት፣ ተራው የማን እንደሆነ። እሱ ግን «ሻይ አለ?» ብቻ አለ። ሻይ ጠጡ፤ በከተማው ዞሩ፤ የጫማ ሱቅ መስታወት ፊት ቆመው በማይረባ ነገር ተጨቃጨቁና ሳቁ። አባቷ ማታ ለአማቻቸው አልጋቸውን ለቀው እሳቸው ሶፋ ላይ ሆኑ።

ረቡዕ ተመልሶ መጣ። በሥራ ቀን! ከዚያም ዓርብ። ሌሊት ለመውጣት እየተነሳ፣ ዓይኑ እያበጠ ይመጣል፤ ደስታው ግን ከፊቱ አይጠፋም። እሷም ወደ ማታ ገደማ ከራጅ ክፍሉ መስኮት ወደ ሆስፒታሉ በር ደጋግማ እንደምትመለከት ለራሷም ታወቃት። እንደዚህ ሰው የጠበቀችው ከሠርጓ በፊት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ደረቱን ሊነሳ የመጣ ሽማግሌ ከማሽኑ ፊት ቆሞ፣ «እድሜ ለሠሪዎቹ፣ ዛሬ በድልድዩ ነው የመጣሁት» አላት።

«አይተንፍሱ» አለችው። ከሚገባው በላይ አቆየችው፤ ሰውየው ፊቱ ሊቀላ ሲል ነው የለቀቀችው።

ማታ ባሏ ሲመጣ የሆዷን በሆዷ ያዘች። ዝም አይነቅዝም። እሱም «ያ ጠመዝማዛ መንገድ ወገቤን ቆረጠው» እያለ ጫማውን አወለቀ። ጫማው ላይ ጭቃ የሚባል አልነበረም። ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ጣራውን አየ።

«ድልድዩስ?» አለች።

«እየሠሩት ነው ይላሉ።»

አባቷ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። «ድልድይ ችኮላ አይወድም» አሉ፤ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ። እሳቸው ብቻቸውን ራት መብላት ከጠሉ ቆይተዋል።

ሦስቱም እንዲህ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሰነበቱ። የነገሩን ጉድ ያፈረጡት እትዬ ናቸው። ወንድማቸው ቢጠፋባቸው መሃል ሰፈር ሄደው ቤቱን ተዘግቶ አገኙት፤ የባንክ ሠራተኛዋን ጠየቁ፤ ከዚያ በቀጥታ በአውቶቡስ ታችኛው ከተማ ከች አሉ። የዕረፍት ቀን ነበር፤ ሦስቱ ምሳ ቀርበዋል።

«ድልድዩ ከተከፈተ ሰንብቷል» አሉ እትዬ፣ ገና ከበሩ። «ምን ሆናችሁ ነው እዚህ የተደበቃችሁት?»

«ተከፍቶ ነው እንዴ?» አለ ፍሬን።

«እዚህ ወሬ ይዘገያል» አሉ አባቷ፣ ለእንግዳይቱ ወንበር እየሳቡ።

አይተንፍሱ ሳቋን መያዝ አቃታት። ባሏም ተከተላት፤ እንባው እስኪመጣ። እትዬ የሚሳቅበት ነገር አልታያቸውም፤ ቢሆንም ተቀምጠው ቀመሱ።

ከምሳ በኋላ ባልና ሚስቱ ወጣ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለችው።

«የተከፈተ ዕለት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው የተሻገርኩት። አንቺስ?»

«እኔም ያኔ። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ?»

«ይገባል። ለሁለታችንም እኩል ነው» አለ፤ ግን እንደ ድሮው አላለውም።

«ስማ፣ ላይኛው ከተማ እንሂድ ካልክ እመጣለሁ። እውነቴን ነው። እዚያ ሰፈር ብቻ አትመልሰኝ።»

ትንሽ ሄዱ። «እዚህ ስመጣ አልቆጠርኩም» አላት። «ቀኑንም፣ መንገዱንም። እዚያ ቤት ግን ሶፋ ላይ ተቀምጬ እንኳ እቆጥራለሁ፤ ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ሳህን አጠበ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። እዚሁ እንሁን።»

«እትዬስ ምን ይላሉ?»

«የሚሉትን ይበሉ።»

ከአባቷ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ዕቃቸውን ከመሃሉ ቤት ያወረዱት ዕለት ደላላውን ቀጣዮቹን ተከራዮች ይዞ ሲወጣ ደረጃ ላይ አገኙት፤ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ባልየው በእጁ ሰዓት ይዞ መንገዱን ይለካ ነበር። አይተንፍሱ አንድ ነገር ልትላቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ለእሷም ቢነገራት የምትሰማ አልነበረችም።

አሁን ፍሬን በየቀኑ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የድሮው እጥፍ ነው። የሚገርመው ግን ከመነሻው ስለሚሳፈር ወንበር ያገኛል፤ መስኮቱን ተደግፎ ሲተኛ ሄዶ ሲተኛ ይመለሳል፤ ማታ ቤት ሲደርስ ትኩስ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ እሷ አሸነፈች ነው የሚለው፤ እትዬም ለጎረቤቶቻቸው «ወንድሜ ተሸነፈልሽ» ብለው አውርተዋል። እሱ ሲጠየቅ «አዎ፣ ተሸነፍኩ» ብሎ መብላቱን ይቀጥላል።

እትዬ አንድ ወር አኮረፉ። ከዚያ ለአንድ ቀን ብለው መጡና ሳምንት ተቀመጡ፤ ስለ ክላክሱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ አባቷ ግትርነት ሲያማርሩ ከረሙ። ሲሄዱም አባቷ ያጠበቡላቸውን ካፖርት ለብሰው፣ በሚቀጥለው ወር እጅጌውን ለማሳጠር መመለስ እንዳለባቸው ተናግረው ሄዱ።